ከአጥሩ ውጭ የቆመችው

ሚስተር ኤልመር ቶርስታድ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የጻፉትን የሚያነቡት በለተስላሴ አፍ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በተወለዱበት ወረዳ አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሲያትል መጥተው፣ ባላርድ ውስጥ ከሟች እኅታቸው በወረሱት ቤት ተቀመጡ። ከደብዳቤው የተረፈውን ዕድሜ የበላባቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት በዚያ አገር በሰፋሪ ነጮችና በዳኮታ ሕዝብ መካከል የተደረገው ጦርነት። በእሱ ላይ አራት ልብ ወለድ ጽፈዋል። ከወረዳቸው ውጭ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። በወረዳቸው ግን መጽሐፋቸው የሌለበት ቤት የለም፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። አምስተኛው ሊያልቅ ተቃርቧል።

ለተስላሴ በሳምንት አራት ቀን ከፌደራል ዌይ ከተማ እየነዳች ትመጣለች። አረጋውያንን በየቤታቸው የምትረዳ ሠራተኛ ናት። በወረቀት የተሰጣት ሥራ ገላ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ቁርስና ምሳ ማቅረብ ነው። ማንበብ የሚል አልተጻፈበትም። ነገር ግን ሽማግሌ ሰው "እስቲ ይችን አንዴ" ሲላት እምቢ የሚል አንደበት የላትም። አንድ ቀን ሁለት ገጽ አነበበች፤ በወሩ ምዕራፍ ሆነ፤ በዓመቱ ሽማግሌው በመቅጃ የተናገሩት ተገልብጦና ታትሞ በመጣ ቁጥር እያነበበች የምታሰማቸው እሷ ሆነች።

ቀሪዎቹን ቀናት የምትሠራው መዲና በዚህ ትስቅባታለች።

"ሶ፣ ዛሬስ ጦርነቱ የት ደረሰ?" አለቻት በስልክ። ለተስላሴ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ገና አልወረደችም።

"ዳኮታዎቹ ተሸንፈዋል። አሁን ወታደሮቹ ሴቱን፣ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ወንዝ ዳር ከምሽጉ ሥር በአጥር አጉረዋቸዋል። ክረምቱን እዚያ ነው የሚያሳልፉት።"

"ውይ፣ በጠዋቱ! እኔን ሲጠይቁኝ መነጽሬን ረሳሁ ነው የምላቸው። አንቺ እኮ ውሸት የሚባል ነገር አታውቂበትም።"

ለተስላሴ የመኪናዋን ቁልፍ ነቀለች።

"ስሚ ደግሞ፣ ትናንት አባትሽን ገበያ አየኋቸው። ወላሂ ደነገጥኩ! አንቺ ጢም አብቅለሽ የመጣሽ ነው የመሰለኝ። ያ ግንባር፣ ያ አፍንጫ… እንዴት ሰው እንዲህ ይመሳሰላል?"

"በይ ረፈደብኝ፤ ኋላ ኮል አደርግልሻለሁ።"

ማክሰኞ ነበር። ሽማግሌውን ቁርስ አብልታ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጋ፣ አዲሱን ምዕራፍ ጀመረች። ስለ በረዶው አነበበች፤ ስለ ድንኳኖቹ፣ በኩፍኝ ስለሚያልቁት ሕፃናት። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እንዲህ ይላል፦

"ሴትየዋ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። በእጇ ምግብ የቋጠረችበት ጨርቅ ይዛለች። ወታደሩ 'ለማን ነው?' አላት። በአጥሩ ቀዳዳ ሽማግሌውን አሳየችው። 'ምንሽ ነው?' አላት። 'ጎረቤቴ ነው፤ እምብዛም አላውቀውም' አለች። ከአጥሩ ወዲያ አባቷ ይህን ሰማ። በቁጣም ፊቱን አዞረ።"

ድምፅዋ አልተቆረጠም። እስከ ገጹ ታች አነበበች።

"ምን ይመስልሻል?" አሉ ሽማግሌው።

"ጥሩ ነው፣ ሚስተር ኤልመር።"

"ቃሌን ጠብቄያለሁ። ያንቺ መሆኑን ማንም አያውቅም። መግቢያው ላይ 'አንዲት የዳኮታ ተወላጅ ከቅድመ አያቷ ሲወርድ የመጣውን አጫወተችኝ' ብዬ ነው ያሰፈርኩት።" በብልሃታቸው ደስ ብሏቸው ጉንጫቸው ቀላ። "አሳታሚው ደግሞ ከመታተሙ በፊት አንድ የዳኮታ ሰው ያንብበው ብሏል። ዶሪን የሚሏት ሴት ናት፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። ሐሙስ ትመጣለች።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የለተስላሴ አፍ ያመለጠው ባለፈው ኅዳር፣ የሽማግሌውን እግር ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ ጥፍራቸውን ስትቆርጥ ነው። "ሰው ስሙ በዝርዝር ላይ ሲፈለግ ምን ይሰማው ይሆን? ይህን መጻፍ አቃተኝ" ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። የተኙ መሰላት። ወይም የማያይ ሰው የማይሰማ መስሏት ይሆናል። ሃያ ሰባት ዓመት ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልነገረችውን ለዚያ ለእግር ሳፋ ነገረችው።

አባቷ አቶ ይሕደጎ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ትውልዳቸው ከኤርትራ ነው። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ሰኔ፣ ሁለቱ አገሮች በተዋጉ ሰሞን፣ ከሥራ ሲወጡ ተይዘው ጣቢያ ገቡ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ለተስላሴ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በማግስቱ በምሳ ዕቃ ስንቅ ይዛ ሄደች። ከፊቷ የተሰለፈችውን ልጅ ፖሊሱ "ምንሽ ነው?" ሲላት "አባቴ" አለች። "እንግዲያ አንቺም ግቢ" አላት። በሩ ከነምሳ ዕቃዋ ዋጣት። ቀጥሎ ተራው የለተስላሴ ሆነ። አባቷ ከብረት በሩ ወዲያ፣ ከሌላ ፖሊስ አጠገብ ቆመው ያዩዋታል። "ምንሽ ነው?" ሲላት፣ ሊወጣ ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን፣ አባቷን የምትጠራበትን አቦይ የሚለውን ቃል ዋጠችና "ጎረቤቴ ነው፤ እምብዛም አላውቀውም" አለች። አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። ምሳ ዕቃውን ፖሊሱ ተቀበላት። በነጋታው ወደ ኤርትራ የሚያባርሯቸው አውቶቡሶች ተነሡ። እሷ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሰው መሀል፣ የጎረቤት ያህል ቆማ ሸኘች።

ይህን ከሰሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ሚስተር ኤልመር "ያን የነገርሽኝን ልጠቀምበት? ስምሽ አይነሳም" ያሏት። አቀርቅራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እርስዎ እንዳሉ" አለች። እሷ ባደገችበት ቤት ቢሆን፣ እንዲህ ያለ መልስ የሰማ ትልቅ ሰው ፊቷን አይቶ "ተይው በቃ፣ ልጄ" ይል ነበር። እዚያ ሽማግሌን እምቢ አይሉትም፤ ሽማግሌውም ፊት አይቶ ይተዋል። ሚስተር ኤልመር ግን ፊቷን አያዩም። የምትለውን ብቻ ሰሙ፤ ወሰዱም።

ስለ ሐሙስ እያሰበች ወደ ቤቷ ነዳች። ቤቷም መሸሻ አይሆናትም። አባቷ እዚያ አሉ። ሃያ ሦስት ዓመት አስመራ ለብቻቸው ከኖሩ በኋላ፣ አራት ዓመት ሆናቸው እሷ ዘንድ ከመጡ። በሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ጠዋት ማታ ይገናኛሉ፤ ስለዚያ ሰኔ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እሳቸው "ለተይ" ይሏታል። እሷ "ራት ቀርቧል"፣ "መድኃኒትዎን ወሰዱ?" ትላቸዋለች እንጂ አቦይ ብላ አትጠራቸውም። ቃሉ ያኔ የዋጠችበት ቦታ ቀርቷል። ከግድግዳው ወዲያ ኡርጌሳ የሚባል የታክሲ ሾፌር ይኖራል። አባቷ እሱን "ጎረቤታችን" ብለው አያውቁም፤ "ባለ ዐሥራ ሁለት ቁጥሩ" ነው የሚሉት። ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ያን ቃል ለእሷ ብለው የተዉት ይመስላታል።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። ወይዘሮ ዶሪን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ሽበታቸውን በአንድ ጉንጉን የያዙ ሴት ናቸው። የመጽሐፉን ረቂቅ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አመጡት፤ በየገጹ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል።

"ስንት ቦታ ለጠፉበት?" አሉ ሚስተር ኤልመር። የወረቀቱን ድምፅ ሰምተዋል።

"ስድሳ አንድ። ግን አይፍሩ፤ ግማሹ ስለ ፈረስ ነው። ፈረስዎ በአንድ ቀን የሚሄደውን እኔ በመኪናዬም አልሄደውም።"

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። ለተስላሴ ሻይ አቅርባ ወደ ወጥ ቤት ልትመለስ ስትል "ተቀመጪ፣ ለተስላሴ። ገጹን እየጠሩልሽ ታነቢልኛለሽ" አሏት። ተቀመጠች። በሩ ከወንበሯ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ዐይኗ እሱ ላይ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል በፈረሱ፣ በድንኳኑ፣ በሰዎቹ አጠራር ሄደ። ሽማግሌው አንዳንዱን ተከራከሩ፤ አብዛኛውን ተቀበሉ። ከዚያ ወይዘሮ ዶሪን መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። እስቲ አንብቢው፣ የእኔ ልጅ።"

ለተስላሴ አነበበች። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አሁን የሚያያት ሰው አለ።

"የአያቴ አያት እዚያ አጥር ውስጥ ነበረች" አሉ ወይዘሮ ዶሪን። "ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሴቶቻችን የነበሩት ከውስጥ ነው። ከውጭ ቆማ ምግብ የምታቀብል ይህች ማን ናት?"

"ከነጋዴዎች ጋር የተጋቡ፣ ውጭ የቀሩ ጥቂቶች ነበሩ" አሉ ሚስተር ኤልመር።

"ጥቂት፣ አዎ። ጥቂት ስለሆኑ ደግሞ ልጆቻቸውን እንተዋወቃለን። እርስዎ መግቢያው ላይ የዳኮታ ሴት ናት የነገረችኝ ይላሉ። ይህ ሲወጣ እነዚያ ቤተሰቦች እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ። አባቷን የካደችው የማን አያት ናት ይባላል። ለእኛ ዘመድን መካድ ቀላል ነገር አይደለም። የማን ናት?"

"ልነግርዎት አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለነገረችኝ ሰው።"

ወይዘሮ ዶሪን አልተቆጡም። ድምፃቸው እንዲያውም ዝቅ አለ። "ሚስተር ቶርስታድ፣ እኛ ውስጥ ፈሪ አልነበረም አላልኩም። ነበረ። የከዳም፣ የጠቆመም ነበረ፤ ስማቸውን እናውቃለን፤ የራሳችን ናቸው። የራሳችን ኃፍረት ይበቃናል። የሰው አይጨምሩብን።"

ሽማግሌው አገጫቸውን ቀጥ አድርገው ዝም አሉ። እሷን መከለላቸው ነው። የዘጠና ዓመት ሰው ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ለእሷ ሲሉ መጽሐፋቸውን እንኳ የሚያስቀሩ ይመስላሉ። ለተስላሴ ይህን ስታይ ባሰባት። ዝም ብትል፣ የማታውቃት የሞተች ሴት ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ የእሷን ምሳ ዕቃ ይዛ በአጥሩ ሥር ትቆማለች። ብትናገር፣ ነገሩ ሰው አወቀው ማለት ነው፤ በማግሥቱ ከአባቷ ጆሮ ይደርሳል። ከሁለቱ የሚያወጣ ሦስተኛ በር የለም።

"የማን ናት?" አሉ ወይዘሮ ዶሪን እንደገና።

ያው ጥያቄ ነው። ፖሊሱም የጠየቃት ይህንኑ ነበር።

"የኔ ናት" አለች ለተስላሴ።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

"የዳኮታ አይደለችም። እኔ ነኝ። አገሬ ነው፤ አባቴ ነው። የያዝኩትም ጨርቅ አልነበረም፤ ምሳ ዕቃ ነበር።" እንግሊዝኛዋ ከዚህ በላይ አልሄደላትም። የሻይ ማንኪያ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች።

ወይዘሮ ዶሪን አላቀፏትም፤ አይዞሽም አላሏትም። "ምግቡ ደረሰው?" ብለው ጠየቁ።

"አላውቅም።"

"ሰውየው በሕይወት አለ?"

"እኔ ጋ ነው የሚኖረው።"

"ታዲያ አታውቂም?"

ለተስላሴ ራሷን ነቀነቀች። ወይዘሮ ዶሪን ቢጫውን ወረቀት ከገጹ ላይ ልጠው አነሡ። "ይውጣ" አሏቸው ሚስተር ኤልመርን። "መግቢያውም።"

"ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ ያልፈጠርኩት እሱን ገጽ ብቻ ነበር" አሉ ሽማግሌው። ቅር ብሏቸዋል። ቢሆንም የተገለጠውን ገጽ በጣታቸው ዳስሰው ከረቂቁ ውስጥ ሳቡትና ወደ ለተስላሴ ወንበር አቅጣጫ ዘረጉት። "እንኪ። ሳልጠይቅሽ የወሰድኩት አልመሰለኝም ነበር።"

"ጠይቀውኛል" አለች።

"ፊትሽን ማየት ነበረብኝ" አሉ። የሚቀልዱ ነበር የሚመስሉት፤ አልቀለዱም።

አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል፤ ከፊት ቀይ መብራት፣ ከኋላ ነጭ መብራት። ገጹ ባዶው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። መዲና ደወለች፤ አላነሣችም። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። በአፍ የሚነገርም አይደለም ብላ አሰበች። አቦይ ማለት ያቃተው አፍ ይህን እንዴት ይጀምረዋል? ፌደራል ዌይ ስትደርስ ሌላ ብልሃት አልመጣላትም።

አቶ ይሕደጎ ጠረጴዛው ዘንድ ናቸው። እርሳስ በጆሯቸው ላይ ሰክተው የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ያርማሉ። እንዲያርሙ ማንም አይጠይቃቸውም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ያርማሉ።

"መሸብሽ፣ ለተይ።"

"መንገዱ ተዘግቶ ነው።" ጫማዋን ሳታወልቅ ገጹን ዘርግታ ፊታቸው አኖረችው። "ይችን ይዩልኝ።"

"እንግሊዝኛ ነው" አሉ፤ ቢሆንም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሳለፉ፣ በአራሚ ዝግታ አነበቡ። እሷ ከበሩ አልራቀችም። ካፖርቷ ይንጠባጠባል። አንዴ ጨርሰው ከላይ ጀምረው ደገሙት።

"ይህች ሴት ምን ወገን ናት?"

"ዳኮታ ትባል ነበር። አሁን ከመጽሐፉ ወጥታለች።"

"እህ።" እርሳሱን አሾሉት። "አንድ ስሕተት አለበት።"

"የቱ ጋ?"

"'በቁጣ' ይላል። በቁጣ አይደለም።" ቃሉን በቀጭን መስመር ሰረዙት። "አጠገቤ ፖሊስ ቆሟል። አንዴ አንቺን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል። ይህ ግንባር፣ ይህ አፍንጫ አንድ ነው፤ ማን ይስተዋል? ፊቴን ካላዞርኩ አንቺ ብትክጂም ፊቴ ይመሰክርብሻል። ለዚህ ነው ያዞርኩት።"

ለተስላሴ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከመችው ያ የዞረ ፊት፣ ከጠረጴዛው ማዶ መነጽሩን እየጠረገ ነው።

"ምግቡስ ደረሰዎት?"

"ደርሷል። ድንች ወጥ ነበር። ጨው አብዝተሽበት ለአምስት ሰው ውኃ አስለመነን።"

ሳቅ መጣባት፤ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ፊቷን በካፖርቷ እጅጌ ሸፈነች። ሲያልፍላት ጠየቀች። "ኡርጌሳንስ ለምን ጎረቤታችን አይሉትም?"

"ማንን?"

"ባለ ዐሥራ ሁለት ቁጥሩን።"

"ስሙ ይጠፋኛል እኮ! ምን ልበለው?"

አቶ ይሕደጎ ገጹን አጥፈው ሊመልሱላት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ሌላ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ።

"የሰረዝኩት ያን ብቻ ነው" አሉ። "ሌላውን አልሰረዝኩም። በሩ ላይ እንዳትጠሪኝ እጸልይ ነበር። ጥሩ አደረግሽ። በማግስቱ አውቶቡሱ ሲነሣ ግን በመስኮት አየሁሽ። ማዶ ቆመሻል። ያን ጊዜ ማን ይይዝሻል? ጉዞ ጀምረናል። ብትጠሪኝ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ኮተቤ ድረስ ጠበቅኩ። እውነቱ ይህ ነው፤ ከተጻፈ ይህም ይጻፍ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚያ መንገድ አጠረባት።

አቶ ይሕደጎ ተነሡ። ዱላቸውን ያዙ፤ ወደ ክፍላቸው አዘገሙ። መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእርሳሱ አጠገብ ቀርቷል። ለተስላሴ አነሣችው። አሁን እንደ ሌላው ቀን "ይኸው፣ ረሱት" ብላ ተከትላ መስጠት ትችል ነበር። ጀርባቸው ከበሩ ውስጥ ሊገባ አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

"አቦይ!"

ድምፅዋ ለዚያች ክፍል በዛ። መንገድ የሚያሻግር ድምፅ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ኡርጌሳ ቴሌቪዥኑን ቀነሰ። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ዞሩ።